የተረት ሥዕል እንዴት ይነበባል? "ቀይ ማለት ደም ነው" ብለው ለሚጨርሱ ሁሉ ዝርዝር መመሪያ

ጅማ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት ከተማሪዎች ጋር ተሰብስበን የተረት ሥዕል እናነባለን። ቡናው ይፈላል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ሥዕሉ ጠረጴዛው መሃል ይቀመጣል። ገና አንድ ደቂቃ ሳይሞላ አንዱ ብድግ ይልና "ቀዩ ደም ነው፣ ጨለማው ሞት ነው፣ ወፏ ነፃነት ናት" ብሎ ቁጭ። አለቀ። ሥዕሉን ግን እስካሁን ማንም አላየውም።

ለትምህርት ቤት በሚጻፉ የቤት ሥራዎችም የማየው ይኸው ነው። ሥዕሉ ቢቀየርም መልሱ አይቀየርም። ልጆቹ ሰነፎች ሆነው አይደለም። የጎደላቸው ቅደም ተከተል ነው፤ ትርጉም መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነገር ሆኖ ሳለ እነሱ መጀመሪያ ላይ ይጎትቱታል። ከታች ያሉትን ደረጃዎች ሳትዘሉ ተከተሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሞክሩት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል፣ ሲለመድ ግማሹ ይበቃል።

ከሁሉም በፊት አንድ ሕግ አለን፤ "የጣት ሕግ" እንለዋለን። ስለ ሥዕሉ የምትሉትን ማንኛውንም ነገር ጣታችሁን ሥዕሉ ላይ አስቀምጣችሁ ማሳየት አለባችሁ። ጣቱ የሚያርፍበት ቦታ ካጣ ሐሳቡ የቱንም ያህል ቢያምር ይሰረዛል። እዚህ ላይ ድርድር የለም።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚዘጋጁ ነገሮች

ሙሉውን ሥዕል አግኙ። በቴሌግራም የሚዞረው ብዙ ጊዜ ጠርዙ ተቆርጧል። የተረት ሥዕል ጠርዝ ደግሞ የሚጣል ነገር አይደለም። ሩሲያዊው ሰዓሊ ኢቫን ቢሊቢን ለምሳሌ የተረት ሥዕሎቹን በጌጠኛ ክፈፍ ይከባል፤ ክፈፉን ከቆረጣችሁት የሥዕሉን አንድ አካል ቆርጣችኋል።

የምታትሙት ከሆነ ጥራቱን አይታችሁ ተቀበሉ። እኛ አንድ ጊዜ "ከዛፉ ሥር የተደበቀ እንስሳ አለ፣ የለም" ብለን ግማሽ ሰዓት ተከራክረን ነበር። ለካስ እንስሳው የፎቶ ኮፒ ማሽኑ የተፋው ቀለም ነው። ከስልክ የምታዩ ከሆነ ደግሞ ስክሪኑን ቢጫ የሚያደርገውን የማታ ብርሃን አጥፉት።

የተረቱን ሙሉ ቃል አግኙ፤ ያውም ሥዕሉ የተሣለለትን ቅጂ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ብዙ ሰው የሚወድቀውም እዚሁ ላይ ነው። የባለቀይ ቆቧን ልጅ ተረት ሁላችሁም የምታውቁት ይመስላችኋል አይደል? ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ በ1697 ባሳተመው ተረት ተኩላው ልጅቷን ይበላታል፣ ተረቱም እዚያው ያበቃል። ጀርመናውያኑ ወንድማማቾች ግሪም በ1812 ባሳተሙት ደግሞ አዳኝ መጥቶ ከሆዱ ያወጣታል። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ሥዕሉ ለፔሮ የተሣለ ከሆነ "አዳኙ ከበሩ ጀርባ አለ" ማለት አትችሉም። በዚያ ተረት ውስጥ አዳኝ የሚባል ሰው የለም።

እርሳስ፣ አንድ ባዶ ወረቀት፣ እንዲሁም መሃሉ የተቆረጠ ሌላ ወረቀት ያዙ። የተቆረጠው የክብሪት ቀፎ የሚያህል መስኮት ይኑረው። ጥቅሙን አሁኑኑ ታዩታላችሁ።

ለልምምድ ሁለት ሥዕሎች እጠቀማለሁ። አንዱ ፈረንሳዊው ሰዓሊ ጉስታቭ ዶሬ ለፔሮ ተረቶች ከሣላቸውና በ1862 ከታተሙት የሚገኝ ነው፦ ልጅቷና አያቷን በልቶ በቦታዋ የተኛው ተኩላ አልጋ ላይ። ኢንተርኔት ላይ በቀላሉ ታገኙታላችሁ። ሁለተኛው ከኛው ልጆች አንዱ የሣለው ነው። "ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ" የሚለውን ተረት የጅማ ደጃፍ ላይ አምጥቶ ሥሎታል፦ በር ላይ የቆመ ጅብ፣ የተጠቀለለ ቁርበት ያቀፈች ሴትዮ፣ የተገለበጠ ባለሦስት እግር በርጩማ፣ ግቢው ውስጥ መሬት ላይ የተበተኑ ትንንሽ ቀይ ነጠብጣቦች።

ደረጃ 1፦ አፍ ዝግ፣ እርሳስ ክፍት

1. የስልካችሁን ማንቂያ ለ5 ደቂቃ ሙሉት። እስኪጮህ ድረስ ማንም አይናገርም።

2. የተቆረጠውን ወረቀት ሥዕሉ ላይ አስቀምጡና ከላይኛው ግራ ጥግ ጀምራችሁ በመስኮቱ ብቻ እያያችሁ ወደ ቀኝ ሂዱ፣ ከዚያ ዝቅ እያላችሁ እስከ ታችኛው ጥግ። ያለ መስኮት ካያችሁ ዓይናችሁ ፊት ላይ ይሮጣል፣ ፊት ላይ ከደረሰ ደግሞ አይነሳም።

3. የምታዩትን በስም ብቻ ጻፉ። "አስፈሪ ተኩላ" አይባልም። "ተኩላ፤ ራሱ ላይ ዳንቴል ያለው ቆብ" ይባላል። "ያዘነች ልጅ" አይባልም። "ልጅ፤ ዓይኗ የፈጠጠ፤ አንሶላ የያዘች" ይባላል። አስፈሪና ያዘነች የሚሉት ቃላት ፍርድ ናቸው፣ የፍርድ ሰዓት ገና ነው።

4. 20 ነገር ሳትጽፉ አትነሱ።

ስምንተኛው ላይ ከደረቃችሁ ሥዕሉን ገልብጡት። የምሬን ነው፣ እግሩን ወደ ላይ አድርጉት። ሥዕሉ ሲገለበጥ ተረቱ ከአእምሮ ይወጣል፣ ቅርጹ ይቀራል። የጅቡን ሥዕል ስንገለብጠው ነው በርጩማው መገልበጡን ያየነው። ከዚያ በፊት ሁሉም ሰው "በርጩማ" ብሎ ጽፎ አልፎት ነበር።

ማስጠንቀቂያ፦ በቡድን ከሆናችሁ ዝርዝሩን ለየብቻ ጻፉ። አንዱ ጮክ ብሎ "ጅብ!" ካለ የሌሎቹ ዓይን ሥራውን ያቆማል።

ደረጃ 2፦ ሰዓቱን ያዙ

ይህ አጭር ነው። ተረቱን አንብቡና ሥዕሉ የትኛው ዓረፍተ ነገር ላይ እንደቆመ አስምሩ። ከድርጊቱ በፊት ነው፣ በድርጊቱ መሃል፣ ወይስ በኋላ? ዶሬ ተኩላው ልጅቷን ሲበላ አልሣለም። ከመብላቱ በፊት ያለችውን፣ ልጅቷ "አያቴ እንዲህ ትመስላለች እንዴ" ብላ የምትደነግጥባትን ጊዜ ነው የያዘው።

ከዚያ ሁለት አጭር ዝርዝር ሥሩ፦ ተረቱ ውስጥ ኖሮ ሥዕሉ ላይ የሌለ፣ ሥዕሉ ላይ ኖሮ ተረቱ ውስጥ የሌለ። ሁለተኛው ዝርዝር ውድ ነው፣ ሰዓሊው ከራሱ ኪስ ያወጣው ነገር ያለው እዚያ ነውና። በጅቡ ተረት ውስጥ በርጩማም ነጠብጣብም የለም። ቁርበትና ጅብ ብቻ ነው ያለው።

ሥዕሉ የመጽሐፍ ሽፋን ከሆነ አንድ ሰዓት ላይኖረው ይችላል፤ ሽፋን ብዙ ጊዜ ሙሉ ተረቱን ባንድ ላይ ይጨምቃል። ያን ጊዜ ይህን ደረጃ ዝለሉት እንጂ በግድ አታጣብቁት።

ደረጃ 3፦ ማን ትልቅ ነው፣ ማን ማንን ያያል

1. ባዶው ወረቀት ላይ ሥዕሉን በክብና በሣጥን ብቻ ንደፉት። ውበት አያስፈልግም። ማን ምን ያህል ቦታ እንደያዘ ይታይ እንጂ።

2. ከእያንዳንዱ ዓይን ቀስት አውጡ። ቀስቱ የት ያርፋል? እርስ በርስ ይተያያሉ ወይስ አንዱ ሌላ ቦታ ያያል? ወደ እኛ፣ ወደ ተመልካቹ የሚያይ አለ?

3. በሁለቱ ዋና ገጸ ባሕርያት መካከል ያለውን ባዶ ቦታ በጣት ለኩ። ምን አለበት? በር፣ ወንዝ፣ ብርድ ልብስ? ባዶ ቦታ ብዙ ያወራል። የጅቡ ሥዕል ላይ በጅቡና በሴትዮዋ መካከል ያለው የተጠቀለለው ቁርበት ብቻ ነው፤ እሷም እንደ ጋሻ ነው ያቀፈችው።

4. አቅጣጫውን እዩ። እንደ እኛ ከግራ ወደ ቀኝ ለሚያነብ ሰው፣ ወደ ቀኝ የሚሄድ ገጸ ባሕርይ ከቤት እየወጣ፣ ወደ ግራ የሚሄድ እየተመለሰ ይመስላል። ይህ ሕግ አይደለም፣ ልማድ ነው። ቁርአን ቤት ያደገች አንዲት ተማሪያችን ሥዕሉን ከቀኝ ጀምራ ስታነብ ጅቡ "መጣ" ሳይሆን "ሊሄድ ነው" ብላ ነበር፤ ጣቷንም አስቀምጣ አስረዳች። እንዲህ ያለ ልዩነት ሲመጣ አታፍኑት፣ መዝግቡት።

እዚህ ላይ የኛ አገር ሰው ብቻ የሚወድቅበት ወጥመድ አለ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ልማድ ጻድቁ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል። ክፉው ደግሞ በጎን፣ ባንድ ዓይን። ይህን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስላየነው ሳናውቀው የትም ይዘነው እንሄዳለን። አንድ ልጅ የፈረንጅ ተረት ሥዕል ላይ በጎን የተሣለችን ልዕልት "ይቺ ተንኮለኛዋ ናት" ብሎ ድርቅ አለ። የጣት ሕጉንም አሟልቷል፣ ጣቱ አንዷ ዓይን ላይ ነው። ስህተቱ ሥዕሉን የማያውቀውን ሕግ ማስገደዱ ነው። የአውሮፓ ሰዓሊ ሰውን በጎን የሚሥለው በአብዛኛው ሰውየው ወደዚያ ስለዞረ ብቻ ነው። ሥዕሉ የኛ ሰዓሊ ሥራ ከሆነና አሣሣሉም የቤተ ክርስቲያኑን መንገድ የሚከተል ከሆነ ግን ተጠቀሙበት፣ ዋጋ አለው።

ደረጃ 4፦ ብርሃንና ቀለም

1. ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ እዩ። ዝርዝሩ ይጠፋል፣ ብርሃንና ጨለማው ይቀራል። ወይም ሥዕሉን በስልክ አንሱና ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት።

2. በጣም ብሩህ የሆነውን ቦታና በጣም ጨለማ የሆነውን ቦታ ምልክት አድርጉባቸው። ሁለቱ የሚነካኩበት ቦታ ካለ ሰዓሊው ዓይናችሁን የጎተተው ወደዚያ ነው።

3. ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ፈልጉ። ከመስኮት፣ ከእሳት፣ ከኩራዝ፣ ወይስ ከየትም? ከየትም ካልመጣና አንድ ሰው ላይ ብቻ ካረፈ ሰዓሊው ሆን ብሎ ነው።

4. ቀለም ካለ በብዛት ያለውን ሳይሆን በጥቂቱ ያለውን ፈልጉ። አረንጓዴ ጫካ ውስጥ አረንጓዴ ምንም አይናገርም። አረንጓዴ ጫካ ውስጥ አንዲት ቢጫ ነጠብጣብ ትናገራለች።

አሁን የዶሬን ሥዕል አምጡ። በየጊዜው አንድ ሰው "ቀዩ ቆብ አደጋን ያሳያል" ብሎ ይጽፋል። እንዴ! ሥዕሉ እንጨት ላይ ተቀርጾ በጥቁር ቀለም የታተመ ነው፣ ቀይ የሚባል ነገር የለውም። ቆቡስ የታለ? ልጅቷ ጭንቅላት ላይ የለም፤ ፀጉሯ ተለቆ ነው የሚታየው። ጸሐፊው ያነበበው ሥዕሉን ሳይሆን የተረቱን ርዕስ ነው። ጣትህን አሳየኝ ስትሉት ጣቱ አየር ላይ ይቀራል።

የድሮ መጽሐፍ ከሆነ የወረቀቱን ቢጫነት "የትዝታ ድባብ" ብላችሁ እንዳትተረጉሙት። ወረቀት ሲያረጅ ቢጫ ይሆናል፣ በቃ።

ደረጃ 5፦ ተጠርጣሪዎቹን ለዩ

20 ነገር ጽፋችኋል። ሁሉም ተምሳሌት አይደለም። አንዳንዱ በርጩማ በርጩማ ብቻ ነው። እያንዳንዱን ነገር በሦስት ጥያቄ አጥሩ፦

ይደጋገማል ወይ? (ራሱ ወይም ቅርጹ)
ቦታው ላይ እንግዳ ነው ወይ? ተረቱ ሳይጠራው የመጣ፣ ወይም መኖር ካለበት ቦታ የጠፋ።
ሰዓሊው አክብሮታል ወይ? ብርሃን አግኝቷል፣ መሃል ላይ ነው፣ ወይም የእይታ ቀስቶች ያርፉበታል።

ሁለቱን ያለፈ ተጠርጣሪ ነው። ከሦስት ተጠርጣሪ በላይ አትያዙ። አምስት ከያዛችሁ ማጣሪያው ለስልሶባችኋልና ድገሙት። አንድም ካላገኛችሁ "የጠፋ" የሚለውን ረስታችኋል ማለት ነው። የሌለን ነገር ማየት ከባድ ስለሆነ ሁሉም ይረሳዋል።

ዶሬ ላይ እንሞክረው። የልጅቷ ቆብ መኖር ካለበት ቦታ ጠፍቷል፤ ተረቱ እኮ የሚጠራው በቆቡ ነው! በሌላ በኩል ቆብ ሥዕሉ ላይ አለ፦ ተኩላው ላይ። የአያትየውን ቆብ አጥልቋል። ይህም ይደጋገማል የሚለውን በከፊል ያሟላል፣ አንዱ ጭንቅላት ባዶ፣ ሌላው የተሸፈነ። እዚህ ላይ አንዲት ተማሪ "ቆቡ ቤት ቀየረ" አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ሥዕል በሌላ መንገድ ማየት አልቻልኩም።

ደረጃ 6፦ ትርጉሙን ፈትኑት

ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አፍስሱ። ለእያንዳንዱ ተጠርጣሪ አራት ፈተና አለ።

1. በተረቱ ውስጥ ዕቃው ምን ይሠራል? ተምሳሌት ከሥራው ይነሳል። በቢሊቢን አንድ ሥዕል ላይ ቫሲሊሳ የምትባለው ልጅ በጨለማ ጫካ ውስጥ በእንጨት ላይ የተሰካ፣ ዓይኑ የሚያበራ የራስ ቅል ይዛ ትሄዳለች። ሁሉም ሰው "የራስ ቅል ሞት ነው" ይላል። ተረቱን አንብቡት፦ የራስ ቅሉ መንገዷን የሚያበራላት ነው። ቤት ስትደርስ የሚያቃጥለው እሷን ሳይሆን ያሰቃየቻትን እንጀራ እናትና ልጆቿን ነው። ለቫሲሊሳ እሱ ሞት አይደለም፣ ኩራዟ ነው፤ የምትፈራው ኩራዝ።

2. በሰዓሊው አገር ዕቃው ምን ነበር? የስኖው ዋይትን ፖም ውሰዱ፤ ክፉዋ ንግሥት ልጅቷን ልትገድልበት የሰጠቻትን ማለቴ ነው። የአውሮፓ ሰዓሊዎች ሔዋን የበላችውን ፍሬ ብዙ ጊዜ ፖም አድርገው ስለሚሥሉት፣ ፖም የያዘች ሴት ያየ ፈረንጅ ሔዋንን ያስባል። የኛ ሰው ግን ያደገው በዕፀ በለስ ነው። ለኛ ፖም ሱቅ የሚገዛ ፍራፍሬ ነው። ስለዚህ ፖሙ ምንም አላለኝም ብላችሁ ካለፋችሁት የሥዕሉን ግማሽ ታጣላችሁ። በተቃራኒው ሰዓሊው ሐበሻ ከሆነ ሔዋንን በግድ አትጎትቱ። ሌላም አለ፦ በግሪም ተረት መርዙ ያለው በፖሙ ቀይ ወገን ብቻ ነው፣ ንግሥቲቱ ነጩን ወገን ራሷ ትበላለች። ሥዕሉ ላይ የቱ ወገን ወደ ልጅቷ አፍ እንደዞረ እዩ። ጣት የሚያርፍበት ማለት ይህ ነው።

3. እኔ ከየት አመጣሁት? ከተረቱ ነው፣ ከሥዕሉ ነው፣ ከፊልም ነው፣ ወይስ "የቀለማት ትርጉም" ከሚል ፖስት? የመጨረሻው ከሆነ ሰርዙት።

የጅቡን ሥዕል ሳሳይ ዘጠኝ ሰው ከተቀመጠበት ሰባቱ ቀዮቹን ነጠብጣቦች "ደም፤ ጅቡ ሰው በልቶ ነው የመጣው" አሉ። ሠዓሊው ልጅ እየሳቀ "ኧረ ቡና ነው! እሸት ቡና ተሰጥቶ ነው" አለ። ጅማ ተቀምጠን፣ በመኸር ወቅት በየግቢው ቀይ ቡና ተሰጥቶ እያየን፣ ስኒውም እጃችን ላይ እያለ ቡናን ደም አልነው። ሼም ነው።

ግን እዚህ ላይ አላቆምንም፣ እናንተም አታቁሙ። "እሺ ቡና ነው" ማለት ስም መጥራት እንጂ መተርጎም አይደለም። ወደ ወረቀቱ ተመለስንና በመስኮቱ አየን። ቡናው እኩል አልተበተነም። ከግቢው በር እስከ ደጃፉ ድረስ መሃሉ ተከፍሎ፣ ግራና ቀኝ ተገፍቷል። ጅቡ የመጣው ቡናውን እየረገጠ ነው። ከጅማ አጠገብ ካለው ከማና ወረዳ የመጣች አንዲት ልጅ ወዲያው "የተሰጣ ቡና ላይ ማን ይሄዳል? ሕፃን እንኳ ዞሮ ነው የሚያልፈው" አለች። ያ ነው! የጅቡ ባዕድነት ጥርሱ ላይ አይደለም፣ አረማመዱ ላይ ነው። የቤቱን ሰው ልፋት ረግጦ ገብቶ፣ በርጩማውን ገልብጦ፣ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል። "ደም" ብለን ብንሄድ ኖሮ ይህን አናገኘውም ነበር፤ ጅብ ሰው ይበላል ከሚል፣ ማንም ከሚያውቀው ነገር ላይ እንቀር ነበር።

4. የምትክ ፈተና። ዕቃውን በሐሳባችሁ አውጡና ሌላ ተኩበት። ከተኩላው ላይ ቆቡን አውልቁ፦ አልጋ ላይ የተኛ አውሬ ይቀራል፣ ማታለሉ ይጠፋል። በቫሲሊሳ የራስ ቅል ፋንታ ፋኖስ ስጧት፦ መንገዱ ይበራል፣ ፍርሃቱ ግን ይጠፋል። አንድ ነገር ከጠፋ ተምሳሌቱ ሥራ ላይ ነው። ምንም ካልጠፋ ዕቃው ጌጥ ነው፣ ከተጠርጣሪነት ነፃ አውጡት።

ሦስቱም ተጠርጣሪ ከወደቀ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ እንጂ አዲስ ትርጉም ከጭንቅላታችሁ አትፍጠሩ። አንዳንድ ሥዕል ዕቃ አይመርጥም፣ ሐሳቡን የሚናገረው በመጠንና በርቀት ብቻ ነው።

ደረጃ 7፦ ጭብጡን በአንድ ዓረፍተ ነገር

ጭብጥ አንድ ቃል አይደለም። "ፍርሃት" ጭብጥ አይደለም፣ "ክፋት"ም አይደለም። ጭብጥ ሥዕሉ ስለ ፍርሃት ምን እንዳለ ነው። ይህን ሙሉት፦

ይህ ሥዕል ______ ይላል፤ ምክንያቱም ______ እና ______ ይታያሉ።

"ምክንያቱም" ከሚለው ቀጥሎ የሚመጡት ሁለቱ ክፍት ቦታዎች የጣት ሕግን ማለፍ አለባቸው።

ለዶሬ እኛ የጻፍነው ይህ ነበር፦ "ይህ ሥዕል አደጋ የሚቀርበን የምናውቀውን ልብስ ለብሶ ነው ይላል፤ ምክንያቱም ተኩላው የአያትን ቆብ አጥልቆ፣ ልጅቷ ደግሞ መታወቂያዋ የሆነውን ቆብ አጥታ ባዶ ራሷን ይታያሉ።"

ማስጠንቀቂያ፦ የተረቱን ምክር የሥዕሉ ጭብጥ አታድርጉት። ፔሮ ከተረቱ መጨረሻ ላይ በግጥም ምክር አስቀምጧል፣ ልጃገረዶች የማያውቁትን ሰው ዝም ብለው እንዳይሰሙ። ያ የፔሮ ነው። ሥዕሉ ሊስማማበት፣ ሊያሰፋው፣ አንዳንዴም ሊቃወመው ይችላል።

ደረጃ 8፦ አሁን ጻፉት

በዚህ ቅደም ተከተል ጻፉ፦ ምን ይታያል፣ የትኛው ሰዓት ነው፣ ማን የት ነው፣ የትኛው ዕቃ ተለየ፣ ስለዚህ ምን ይላል። ትርጉሙ ከገጹ ግማሽ በፊት ብቅ ካለ ቸኩላችኋል።

"ሰዓሊው ሊነግረን የፈለገው" የሚለውን ሐረግ ከጽሑፋችሁ አውጡት። የፈለገውን አታውቁም፣ የሣለውን ነው የምታውቁት። "ሥዕሉ ላይ እንደሚታየው" በሉ። እርግጠኛ ያልሆናችሁበት ቦታ ላይ "ይመስላል" ማለት ነውር አይደለም። በየዓረፍተ ነገሩ "ይመስላል" ካላችሁ ግን ማስረጃ የላችሁም ማለት ነው።

ሲበላሽስ?

"ተረቱን ላገኘው አልቻልኩም።" እስከ ደረጃ 5 ያለ ተረት መሄድ ትችላላችሁ፤ ደረጃ 2ን ብቻ ዝለሉ። ደረጃ 6 ላይ ግን ቁሙ። ያለ ተረት የምትሰጡት ትርጉም የራሳችሁ ተረት ነው።

"መምህሬ ቀይ አደጋ ነው ብለውኛል።" ሊሆን ይችላል። መምህራችሁን ጣት አሳዩኝ አትበሏቸው፣ ጠብ ይሆናል። እናንተው ሥዕሉ ላይ ሌላ አደገኛ ነገር በቀይ ተሥሎ እንደሆነ ፈልጉ። ካለ ልክ ናቸው፣ ከነማስረጃው ጻፉላቸው። ከሌለ ቀዩ ሥዕሉ ውስጥ የትና የት እንዳለ ቆጥራችሁ አሳዩ፤ ቁጥር አያጣላም።

"ሁለት ሰው ሁለት የተለያየ ነገር አወጣን።" ሁለታችሁም ጣት አስቀምጡ። አንዱ ጣት አየር ላይ ከቀረ አለቀ። ሁለቱም ካረፉ ሁለቱንም ጻፉ፣ የትኛው ብዙ ዝርዝር እንደሚያቅፍም ቁጠሩ። ብዙ ያቀፈው ይቅደም።

"ሰዓሊው አጠገባችን ነው፣ እኔ ይህን አላሰብኩም አለ።" የኛም እንዲሁ ብሏል። ቡናው ለምን መሃል ለመሃል እንደተከፈለ ስንጠይቀው "እንጃ፣ ጅቡ በየት ይምጣ ታዲያ?" አለ። አሳቢው እሱ ባይሆንም የተከፈለው ቡና ወረቀቱ ላይ አለ፣ ጣት ያርፍበታል፣ ስለዚህ ንባቡ ይቆማል። ልጁ ትንሽ ዝም አለና ሥዕሉን ከጠረጴዛው አነሳ፤ እርሳስ ለምኖ ከበሩ እስከ ደጃፉ ያለውን ዱካ አንድ በአንድ ጠበቅ አድርጎ ደገመበት።